ሰው ትተን ቦታ የጠበቅንበት ጠዋት

ባለፈው እሁድ ከቸርች ተመልሰን ምሳ ስንበላ ልጄ ሳሮን ዓይኗን ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው የአሜሪካን ፉትቦል ሳትነቅል፣ "አባ፣ ያ ልጅ ብቻውን ነው፤ ለምን ማንም አይይዘውም?" አለችኝ። ዞን እየተጫወቱ ነው፣ ቦታ እንጂ ሰው አይጠብቁም ብዬ መለስኩና እዚያው ሐሳብ ይዞኝ ሄደ። እኔ ስለ ዞን ከጀመርኩ አላቆምም። ይኸው ለእናንተም ጀመርኩ።

ነገሩ የሆነው ሃይስኩል ጨርሼ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። የምንኖረው ፓራዳይዝ በሚባል የአሜሪካ በረሃ ከተማ፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ ባለ አፓርትመንት ነበር። የቸርቻችን ወጣቶች በየታንክስጊቪንጉ፣ በምስጋናው በዓል ጠዋት፣ ከግሪን ቫሊ ቸርች ልጆች ጋር የአሜሪካን ፉትቦል እንጫወታለን። መጣጣል የለም፤ ኳስ የያዘውን ልጅ ለማስቆም ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ መንጠቅ ነው። በየዓመቱም እንሸነፋለን። አምበላችን ዳዊት ዘንድሮም ከተሸነፍን ወደ እግር ኳሳችን እንመለሳለን ብሎ ቆርጧል። እሱ ምን ቸገረው? እኔ ግን ሃይስኩልን የተጠባባቂ ወንበር ሳሞቅ የጨረስኩ፣ ያንን ጨዋታ ክፉኛ የምወድ ልጅ ነበርኩ። እሱም ከቀረ ማን ያሰልፈኛል?

የሚያሸንፉን በአንድ ረጅም ልጅ ነው። ዳዊት የሚያውቀው መከላከል ማን-ቱ-ማን ብቻ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠባቂ። ያ ልጅ ጠባቂውን ጥሎት ይሄዳል፣ ኳሱ በሰማይ ተወርውሮ እጁ ይገባል፣ እኛ አቧራውን እንቅማለን።

ከጨዋታው በፊት ባለው ቅዳሜ ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ፉል ከበን ሳለ፣ "ዞን እንጫወት" አልኩ። "ሰው አንከተልም። ሁሉም የራሱን ቦታ ይይዛል፤ የመጣበትን ይጠብቃል፤ ሲያልፍ ለቀጣዩ ይተዋል።"

ዳዊት ዳቦውን አስቀመጠ። "ሲያልፍ ዝም ብዬ ልየው? አብደሃል እንዴ?"

"እናቶቻችን እንዴት አሳደጉን?" አልኩት።

ሁሉም አፈጠጡብኝ። እናቶቻችን የሆቴል ሠራተኞች ናቸው፤ የሥራ ሺፍታቸው አይገጥምም። የራሷን ልጅ ብቻ ልጠብቅ የምትል እናት አልነበረችም፤ አይቻልማ። ቤት ያለችው መስኮቷ የሚያሳያትን ትጠብቃለች። እትዬ ብርቄ መዋኛውን፣ እማዬ ፓርኪንጉን፣ እትዬ ሶፊያ የግቢውን በር። የማንም ልጅ ይሁን፣ እዚያ ከደረሰ የእሷ ነው፤ ትቆጣዋለች፣ ታበላዋለች።

"እትዬ ብርቄ አባረውህ ያውቃሉ?"

ዳዊት ሳቀ። "ከወንበራቸውም ተነስተው አያውቁ።"

"አምልጠህስ ታውቃለህ?"

ማናችንም አምልጠን አናውቅም። ዳዊት ትንሽ አሰበና፣ "ከተሸነፍን ባንተ ነው" ብሎ ተስማማ።

የጨዋታው ዕለት ብርድ ነበር። የበረሃን ብርድ ሰው ይንቀዋል እንጂ ጣት ያደነዝዛል። እማዬ ከሺፍቷ በቀጥታ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር መጥታ ዳር ቆመች። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ቦታቸውን እየለቀቁ ሲያሳድዱ አገቡብን። ዳዊት ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። "ቁሙ፣ ቦታችሁን ያዙ" እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቀስ በቀስ ያዘልን፤ ረጅሙ ልጅ አንዱን ሲያልፍ ሌላው ቆሞ እየጠበቀው ግራ ገባው። እኛም ደጋግመን አግብተን መራን።

በመጨረሻው ኳስ ረጅሙ ልጅ በእኔ በኩል መጣና አጠገቤ አለፈ። እግሬ ተከተለው፣ ተከተለው አለኝ። ራሴ ያወጣሁትን ሕግ ራሴ ላፍርስ? ቆምኩ። ኳሱ በአናቴ ላይ አለፈ። ዞር ስል ዳዊት፣ ያ አብደሃል ያለኝ ዳዊት፣ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ጠብቆ ቀለበው።

አሸነፍን። ዳዊት ተሸክሞኝ ዞረና፣ "ለከርሞም መከላከሉን አንተ ነህ የምትመርጠው" አለኝ። አልደብቅም፣ ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

መኪና ውስጥ እማዬን ጨዋታው ገብቷት እንደሆነ ጠየቅኳት። ፉል ቤት የተባባልነውን አልነገርኳትም ነበር።

"ምኑ ይገባኛል" አለች ጫማዋን እያወለቀች። "ብቻ አንድም ልጅ አላስመለጣችሁም።"

ዛሬ በሥራዬ ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ ጎበዝ የሚሉኝም አሉ፤ ሰው ነኝና ደስ ይለኛል። የእማዬን ያህል ልቤን የሞላ ቃል ግን የለም። እነዚያ ሴቶች ደክሟቸው፣ እየተፈራረቁ ያሳደጉን እኛ ልጆች በተራችን አንዳችን ለአንዳችን ቦታ ስንይዝ እማዬ ቆማ አየችን። እስከ ዛሬ የምኮራው በዚያ ነው።