መኪያና የባሌ እስስቶች

መኪያ ሰይድ እስስት አትወድም ነበር። የሚወድ ሰውም አይታ አታውቅም። ተወልዳ ባደገችበት በወረኢሉ፣ ልጆች ቁጥቋጦ ላይ እስስት ካዩ ከንፈራቸውን ገጥመው ይሮጣሉ፤ ጥርስ ካየች ታረግፋለች ይባላልና። አዋቂውም እንትፍ ብሎ በሩቁ ያልፋታል። እንግዲህ በ1979 ዓ.ም. ቦሌ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ቪላ ግቢ፣ የመቶ ሃያ እስስት ሞግዚት ሆና የተገኘችው ይህችው ሴት ናት።

ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በድርቁ ጊዜ ነው። ባሏንና ትንሿን ልጇን መጠለያ ጣቢያ ቀብራ፣ ገርጂ የምትኖረው የአክስቷ ልጅ ሐሊማ ዘንድ ተጠጋች። ገርጂ ያን ጊዜ ገብስና ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነበር። ሐሊማ ለቦሌ ቪላዎች ወተት ታደርስ ስለነበር፣ አቶ ብርሃኑ የሚባሉ ሰው ግቢያቸው ውስጥ እያደረች የምታጸዳ ሴት እንደሚፈልጉ ሰማች። ሰውየው የዱር እንስሳ ወደ ውጭ አገር ይልካሉ ተባለ። መኪያ ወፍ ወይም ጦጣ መስሏት እሺ አለች።

እንስሳቱ ያሉበት ክፍል ቀድሞ መኪና ይቆምበት የነበረ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። በግድግዳው ዙሪያ ወንፊት ሽቦ የተወጠረባቸው የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረዋል። መጀመሪያ የታያት ቅጠል ብቻ ነበር። ትንሽ ቆይታ ቅጠሉ መሀል ዓይን አየች። አንደኛው ዓይን እሷን ያያል፤ ሌላኛው ለብቻው ዞሮ ጣሪያውን ይመለከታል።  ሮጣ ወጥታ ቧንቧው ሥር አስመለሳት። አቶ ብርሃኑ በሳምንት ውስጥ ትለምጃለሽ አሏት።

አልለመደችም። ጠዋት ጠዋት ገርጂ ማሳ ወርዳ ፌንጣ ትይዛለች። ፌንጣ ሲጠፋ ደግሞ የሸተተ ሥጋ በጣሳ አስቀምጣ፣ ትሉ ዝንብ እስኪሆን ትጠብቃለች። ሽታው ልብሷ ውስጥ ገባ፤ ሐሊማ እሁድ እሁድ ስትቀበላት ነጠላዋን ደጅ ታስወልቃት ጀመር። እስስቶቹ ምላሳቸውን ወርውረው ዝንቡን መልሰው ሲያኝኩ የሚሰማው እርጥብ ድምፅ ምግብ ላይ ስትቀመጥ ትዝ ይላታል። ሳጥን ስታጸዳ እጇን በላስቲክ ትጠቀልላለች፣ አፏን በሻሽ ትሸፍናለች። እንጀራ ነውና ቻለችው።

ኅዳር ላይ ጀርመን አገር ካለው ደንበኛ ቴሌግራም መጣ። ከተላኩት ሃምሳ እስስቶች አሥራ ዘጠኙ ሞተው ደርሰዋል። አቶ ብርሃኑ አሰቡና ብርድ ነው የገደላቸው አሉ። በማግስቱ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስመጡ፤ መስኮቶቹ እንዲዘጉ፣ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ እንዲወተፍ አዘዙ። ማሞቂያው ቀንም ሌሊትም እንዳይጠፋ ተባለ። እስስት የእባብ ዘመድ ነው፣ የሚፈልገው ሙቀት ነው፣ በፈረንጅ መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብለው አስረዷት።

ከዚያ በኋላ ማለዳ በሩን መክፈት ቅጣት ሆነ። የታመቀ ትኩስ ግማት ፊቷን ይመታታል። እስስቶቹ ገርጥተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ሰርጉዶ በአንድ እጃቸው ብቻ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥለው ታገኛቸዋለች። የሞቱት በሙቀቱ ሌሊቱን ተነፍተው ያድራሉ። በከሰል መዛቂያ እየዛቀች ከአጥሩ ሥር ትቀብራለች። አንድ ቀን ሰባት፣ አንድ ቀን አምስት።

ታኅሣሥ ላይ ገመዳ አዳዲስ እስስቶች ይዞ መጣ። ገመዳ ባሌ፣ ጎባ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ነው፤ እስስቶቹን ከጫካ ለቅሞ፣ አንድ አንዱን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ በአውቶቡስ የሚያመጣው እሱ ነው። ወደ ክፍሉ ገባና ወዲያው ግንባሩን እየጠረገ ወጣ። እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ማሞቂያው ለእስስቶቹ መሆኑን ስትነግረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«እቴ መኪያ» አላት፣ «እኔ እነዚህን የማወርደው ከሐረና ጫካ ራስጌ፣ ከውርጩ አገር ነው። ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። እነሱም እንደ ጭራሮ ደርቀው አገኛቸዋለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ገላቸውን አጥቁረው ይሞቃሉ፣ ከዚያ መብላት ይጀምራሉ። ቀን ሙቀት ይወዳሉ። ሌሊት ካልበረዳቸው ግን አያርፉም። አንቺንስ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ሥር ቢያስሩሽ ስንት ቀን ትከርሚያለሽ?»

መኪያ ይህን ለአቶ ብርሃኑ ከፔጆአቸው ሲወርዱ ጠብቃ ነገረቻቸው። ሳቁባት። አንቺ መጥረጊያሽን እወቂ፣ ስለ እስስቱ እኔ አውቃለሁ ብለው አለፏት።

እስስቶቹ አሳዝነዋት አልነበረም። ግማት መዛቅ ስለመረራት ነው። ያን ዕለት ሲመሻሽ ማሞቂያውን አጠፋች፤ ጨርቁን ነቅላ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን መስኮቶች ከፈተች። መስኮቶቹ ላይ በውኃ የነከረችውን ጆንያ ሰቀለች፤ ሲሚንቶው ላይም ውኃ ረጨች። ከየረር በኩል የሚነፍሰው ንፋስ በርጥቡ ጆንያ እያለፈ ክፍሉን አቀዘቀዘው። አቶ ብርሃኑ የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው፤ ሰዓት እላፊም ስላለ ማንም መጥቶ አያያትም።

ሲነጋ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ ዘጠኝ ዲግሪ ይላል። እስስቶቹ አይንቀሳቀሱም። በእንጨት ነካ ብታደርጋቸው እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ናቸው። ሁሉንም ፈጀኋቸው አለች። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተሸክማ ፀሐይ ላይ አወጣች። ትንሽ ቆይቶ ለፀሐይ የዞረው ጎናቸው እንደ ከሰል ጠቆረ፤ አንዱ ዓይኑን አዞረ፣ ሌላው እጁን ዘረጋ። ረፋድ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ሆነው ፌንጣ ይለቅሙ ነበር። በዚያ ሳምንት የሞቱት ሦስት ብቻ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድም አልሞተም። እሷ ግን የሚያኝኩትን ድምፅ ስትሰማ አሁንም ጆሮዋን ትይዛለች።

አቶ ብርሃኑ አምስት ሰዓት ላይ ሲመጡ ሳጥኖቹ ተመልሰው፣ ማሞቂያው በርቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ያገኙታል። እስስቶቹን ያተረፈው ማሞቂያው ነው ብለው ለወዳጆቻቸው ማውራት ጀመሩ፤ መኪያም ማታ ማታ ማጥፋቷን ቀጠለች።

ጥር ላይ የሰማንያ እስስት ፈቃድ ወጣ። መላኪያው አምስት ቀን ሲቀረው፣ አቶ ብርሃኑ ሁለት እንግዶች ይዘው ምሽቱን ሳይታሰብ ከተፍ አሉ። ክፍሉ ጨልሟል፣ ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ጆንያው ይንጠባጠባል። በእንግዶቹ ፊት አፈሩ። መኪያ ለምን እንዳደረገችው፣ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደሞተ፣ ቀድሞ ስንት ይሞት እንደነበር ልታስረዳቸው ሞከረች። አልሰሟትም። ማሞቂያውን አብርተው፣ መስኮቱን በምስማር አስመትተው፣ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ከነጋታው ጀምሮ ሾፌራቸው በቀን አንዴ ከፍቶላት ቆሞ ይጠብቃታል፤ ፌንጣውን በትና ትወጣለች። መስኮቱን ልንቀል ብላ ለመነችው፤ ታዝዣለሁ አላት።

በአምስተኛው ቀን አቶ ብርሃኑ ራሳቸው ከፈቱ። በሕይወት ያሉት ሃምሳ አንድ ናቸው። ሌሎች ስድስት ለመላክ የማይሆኑ፣ የሚያጣጥሩ ነበሩ። የቀረው በድን ነው።

ሰውየው መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በድኖቹን ቆጠሩ። ከዚያ ሰማንያ ከረጢት አምጪ አሏት። ከሞቱትም ያልተነፉትን ሃያ ዘጠኝ መርጣ ከደህናዎቹ ጋር እንድታሽግ አዘዟት። ፈቃዱ የሰማንያ ነው፣ ቁጥሩ መሙላት አለበት፣ ሲደርስ መንገድ ላይ ሞቱ ይባላል አሉ።

መኪያ ከረጢቶቹን እንደያዘች ቆመች። የመጠለያው ስም ጠሪ ትዝ አላት። ባሏንና ልጇን ከቀበረች ከሳምንት በኋላ ስማቸውን ከሕያዋኑ ጋር ጠርቶ፣ አሉ ብሎ ምልክት አድርጎ፣ ስንዴያቸውን ለራሱ ወስዶ ነበር። ያን ጊዜ ተርባ ስለነበር አልተናገረችም።

«እኔ በድን ከነፍስ ጋር አልቆጥርም» አለች።

«እስስት እኮ ነው፣ መኪያ።»

«አዎ፣ እስስት ነው። እስስት እጸየፋለሁ፤ እስከ ዛሬ እጄ ነክቶት አያውቅም። የእርስዎን ሥራ ግን ከእስስቱ የበለጠ ተጸየፍኩት።»

 አቶ ብርሃኑ ኮታቸውን አውልቀው ራሳቸው ማሸግ ጀመሩ። የሞተውን ከረጢት ውስጥ ሲከቱ፣ እግሩ እንቢ ሲላቸው አጥፈው ሲያስገቡት ቆማ አየች። መሀረቡን ኪሳቸው ከተውት ነበር፤ ሽታው አልታወቃቸውም። እሷ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ቧንቧው ሥር ሄዳ አስመለሳት።

የሚያጣጥሩትን ስድስቱን ቆሻሻ መጣያው ጣሳ ውስጥ ጥለዋቸው አገኘች። ልብሷን ጠቅልላ ስትወጣ ጣሳውንም ይዛ ወጣች። ገርጂ ወንዙ ዳር፣ ጥላ ያለበት የክትክታ ቁጥቋጦ ዘንድ ስትደርስ የምትጠቀልልበት ላስቲክ አልነበራትም። በባዶ እጇ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። የመጨረሻው ጣቷን ጭብጥ አድርጎ አልለቅ አላት።  ጣቱን ቀስ ብላ ፈልቅቃ ቅርንጫፉን አስያዘችው፤ ከዚያ ወንዙ ውስጥ ገብታ እጇ እስኪላጥ በአሸዋ ፈተገች።

ከወር በኋላ ኮተቤ ካለ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራ አገኘች። በዓመቱ ገመዳ አንድ ጣሳ ማር ይዞ ሐሊማ ቤት ድረስ ሊጠይቃት መጣ። ጀርመኑ ሳጥኖቹን ከፍቶ ያገኘውን ካየ በኋላ ከአቶ ብርሃኑ ጋር እንደተቆራረጠ፣ ያ ክፍልም ተመልሶ መኪና እንደሚቆምበት፣ እሱም እስስት መልቀም ትቶ ወደ እርሻው እንደተመለሰ አወጋት። እሷም ስድስቱን ክትክታው ላይ እንዳኖረች ነገረችው፤ ተርፈው እንደሆነ ጠየቃት።

አላየሁም አለችው። ወደ ሥራ የምትሄደው ክትክታው በሌለበት በሌላው መንገድ ነው፤ ይርቃል፣ ቢሆንም እሱን ትመርጣለች።