ጉም የወሰዳት ጎል

ኳስ ስጫወት ተከላካይ ነበርኩ። ፈጣን አይደለሁም፤ ኳስ ማቀበልም ያን ያህል አልችልበትም። አንድ የምችለው ነገር ሰዓት መግደል ነው። የጫማዬን ክር ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስራለሁ፤ እጅ ውርወራ ሲሰጠን ኳሷን ይዤ ወዲያ ወዲህ ካልኩ በኋላ “አንተ ወርውር” ብዬ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ነፋስ ሲነካኝ እወድቃለሁ። ሞላሌ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ የከተማው ቡድን አምበል ያደረገኝም በዚሁ ሙያዬ ይመስለኛል።

ሌላ አገር ሰዓት የሚገድለው ጎል ያገባው ቡድን ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የገባበት ነው፤ ምክንያቱ ጉም ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ በበልግ፣ ከምሥራቅ፣ ከይፋት በኩል ገደሉን ይዞ ይወጣል። ሜዳው ላይ ሲደርስ የራስህን በረኛ እንኳ አታየውም። ስለዚህ ውድድሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች ደንብ አውጥተዋል፤ ዳኛው ሜዳው መሐል ቆሞ ሁለቱንም ጎሎች ማየት ካልቻለ ጨዋታው ይቋረጣል፣ በማግስቱም ከዜሮ ለዜሮ ይጀመራል። እስከዚያ የገባው ሁሉ አይቆጠርም። በዚህ የተነሳ ጎል የገባበት ቡድን ኳሱን ትቶ ወደ ምሥራቅ ማየት ይጀምራል።

አምና ለቀበሌዎቹ ዋንጫ ፍጻሜ የገጠመን የተወለድኩበት ቀበሌ ቡድን ነበር። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ይጫወታል። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እኔ ትምህርቴን ስቀጥል እሱ እርሻውን ይዞ ቀረ። እሱም ተከላካይ ነው፤ ልዩነታችን እሱ ከልቡ መጫወቱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሲጫወት ግን አንድ ጎል አግብቶ አያውቅም። በተገናኘን ቁጥር “ዘንድሮስ?” እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ይስቃል፤ ነገሩ ግን እንደሚቆጨው አውቃለሁ።

በዚያ እሑድ አገባ። ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይሄድ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በግንባሩ መታት፤ የባሕር ዛፉን ቋሚ ነክታ ገባች። መጀመሪያ ያየው ዳኛውን ነው። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ወደ መሐል ሲያመለክት ነው ያመነው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሜዳውን ብቻውን ዞረ። እውነቱን ልናገርና እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ግማሽ ደቂቃ አልቆየም፤ አምበል ነኝና ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ጉሙ ገደሉ አፍ ላይ ደርሷል።

ከዚያ በኋላ ኳስ የተጫወትን አይመስለኝም። በረኛችን ወገቤን ብሎ ተኛ። አንዱ አጥቂያችን እግሬ ተሸማቀቀ ብሎ ወጌሻ አስጠራ፤ ወጌሻችንም የዋዛ አልነበረም፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ከገባ በኋላ ውኃ ልቅዳ ብሎ ተመለሰ። እኔም ኳሷን ቁልቁል ወደታረሰው ማሳ ጠለዝኳት።

ወንድሜ ይለምነን ጀመር። የቸኮለው ለጎሉ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ሰኞ ጓሳ ይከፈታል። የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ነው የሚታጨደው፤ በዕለቱ ያልተገኘ ሰው እስከሚቀጥለው መክፈቻ አንድ እስር አያገኝም። የወንድሜ ቤት የሣር ክዳን ደግሞ ሌላ ክረምት አይችልም። ሰኞ ጨዋታው ቢደገም እሱም፣ ሌሎች ሁለት ጎበዞቻቸውም አይኖሩም። ይህንን አውቅ ነበር። ለቡድን ጓደኞቼ የነገርኳቸውም እኔው ነኝ።

ዳኛው ስልኩን አይቶ “ስምንት ደቂቃ ቀረ!” አለ። ወንድሜ ኳሱን ይዞ በመስመሩ በኩል መጣ። ሌላ ጎል ፈልጎ አልነበረም፤ ጨዋታው እንዲንቀሳቀስለት ብቻ ነው። ብተወው የትም አይደርስም ነበር። ከኋላ ደርሼ እግሩን ጠለፍኩት። ፊሽካው፣ ጭቅጭቁ፣ ግድግዳ መሥራቱ፣ ሁሉም ጊዜ ይበላል።

ላነሣው እጄን ስሰጠው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝ።

“ወንድምዓለም፣ ነገ እኮ ሣር ነው” አለኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

“ተነሥና ተጫወት፣ አትነዝንዝ!” አልኩት። ታላቄን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም።

ዳኛው ቢጫ አውጥቶ ስሜን ሲጠይቀኝ ጊዜ እንዲወስድ ብዬ ረጋ ብዬ ከነአያቴ ነገርኩት። የሁለታችንን አባት፣ የሁለታችንን አያት ስጠራ ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ አቧራውን ያራግፍ ነበር።

ግድግዳው ተሠርቶ ሳያልቅ ጉሙ ገባ። ዳኛው ሜዳው መሐል ሄዶ ቆመ። ወደዚህ አየ፤ ወደዚያ አየ፤ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ፊሽካውን ሦስት ጊዜ ነፋ። የእኛ ልጆች እየጮኹ ተቃቀፉ፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ።

ሰኞ ሁለት ለዜሮ አሸነፍን። ዋንጫውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደተወለድኩበት ቀበሌ ወጣሁ። ወንድሜ ግቢው ውስጥ ሣሩን በእስር በእስር እየለየ ይደረድራል። እጁ በሣሩ ተቆራርጧል። ገና ሳየው አፈርኩ። እሱ ግን አቅፎ ሳመኝ፤ በርጩማ አወጣልኝ። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ መልስ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ደንብ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል፣ እናንተም ካቻምና አድርጋችሁብናል ልለው ነበር።

“አሸነፋችሁ አሉ” አለኝ።

“አዎ።”

“ስንት ለስንት?”

“ሁለት ለዜሮ።”

የያዘውን እስር ጠበቅ አድርጎ አሰረና ትንሽ አሰበ።

“የእኔ ብትቆጠር ሁለት ለአንድ ነበር” አለ። “ያው ታሸንፉ ነበር። እኔም አንድ ትኖረኝ ነበር።”