የቡሊሳ እርሾ

ሱብሒ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ፤ አባቱም አያቱም እንደዚሁ። ዳቦ ቤቱ በኢየሩሳሌም ቅጥር ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ማለዳ ያቦኩትን ሊጥ በሰሌዳ አድርገው ይልኩለታል፤ እሱም የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ለሽያጭም የራሱን ሊጥ እያቦካ ይጋግራል። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ስላልነበረ፣ የሕይወቱ ታሪክ ምናልባት የአንድ ሸክላ ሳህን ታሪክ ሆኖ ቢነገር አይከፋው ይሆናል።

ሳህኑ የቡሊሳ ነው። ቡሊሳ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ከልጇ ከራፋኤል ጋር የምትኖር አይሁዳዊት መበለት ነበረች። ፋሲካቸው ሲቃረብ፣ ሕጋቸው እርሾና እርሾ ሊነካው የሚችል እህል ሁሉ ከእጃቸው እንዲወጣ ስለሚያዝ፣ ዱቄቷንና ቅንጬዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍና ለዓረቡ ጎረቤቷ ለሱብሒ ትሸጥለታለች። ሽያጩ የይስሙላ አልነበረም። መሐረቧን ትዘረጋለታለች፤ ሽያጩ የሚጸናበት ምልክት ነውና ጫፉን ይዞ ከፍ ያደርገዋል፤ ቁልፉንም ይረከባል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንብረቱ የእሱ ነው። እርሾው ግን ተቆልፎበት ከሰነበተ ስለሚሞት፣ በሳህን አድርጋ በእጁ ትሰጠዋለች። ሱብሒ ሰባቱን ቀን ዱቄትና ውሃ እየመገበ ያኖረዋል። በዓሉ ወጥቶ ኮከብ ሲታይ፣ ትኩስ ዳቦና ሳህኑን ይዞ በሯን ያንኳኳል፤ እሷም በዚያው መሐረብ ሁሉን መልሳ ትገዛዋለች። የሱብሒ አባትም ለቡሊሳ አማት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል።

«ዘንድሮስ መልሼ አልሸጥልዎትም፣ የራፋኤል እናት» ይላት ነበር በየዓመቱ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ይህ ሁሉ ዱቄት ሕጋዊ ሀብቴ ነው።»

«ውሰደው ልጄ» ትለዋለች። «ነቀዙም አብሮ ተሽጧል።»

እንግሊዞች ከተማዋን በያዙ በሦስተኛው ዓመት ግን ቀልዱ ከአፋቸው ወጣ እንጂ ያሳቀው ሰው አልነበረም። ከባሕር ማዶ የእንግሊዝ መንግሥት ለአይሁድ የሰጠው የአገር ተስፋ በየገበያው ይወራ ነበር። ሱብሒ ዘንድ እንጨት የሚፈልጠው የእኅቱ ባል ፈውዚ ከአሥር ዓመት በፊት በሜዳው አገር ገበሬ ነበረ። የሚያርሰው መሬት ባለቤት ቤይሩት የሚኖር፣ መልኩን እንኳ አይቶት የማያውቅ ባለጸጋ ነበር። ባለጸጋው መሬቱን ለአይሁድ ሰፋሪዎች ሲሸጥ፣ ፈውዚ ያወቀው ልቀቅ በተባለ ቀን ነው።

«አንተ በመሐረብ ትገዛለህ» አለው ፈውዚ፣ ሱብሒ ቁልፉን ወገቡ ላይ ሲያስር አይቶ። «እነሱ የሚገዙት በወረቀት ነው። ሰባት ቀን ጠብቀውም አይመልሱም።»

«እሷ ምን አደረገችህ? ዱቄቷን ነው የሸጠችልኝ።»

«እኔስ ማንን ምን አደረግሁ?»

«እንጨቱን አቀብለኝ» አለ ሱብሒ።

ማዶ፣ ቡሊሳ ቤትም ወሬው የከበደ ነበር። ራፋኤል መንደራቸው ተቃጥሎባቸው ከሰሜን አገር የመጡ ስደተኞችን እያስጠለለ፣ የሚነግሩትን ለእናቱ ይነግራት ነበር። «የነሱም ጎረቤቶች ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ እማዬ» አላት አንድ ቀን። «ዳቦም ይጋግሩላቸው ነበር።»

በዓሉ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ የሙስሊሞቹ የነቢዩ ሙሳ ክብረ በዓል ሰልፍ ሰንደቁን ይዞ ወደ ከተማዋ ገባ። በር ላይ ንግግር ተደረገ፤ ከንግግሩ ጩኸት፣ ከጩኸቱም ድንጋይ ወጣ። ከቀትር በኋላ በጠባቡ መንገድ ራስጌ የአንድ አይሁዳዊ መስተዋት ነጋዴ ሱቅ ሲሰበር ተሰማ። ሱብሒ ዱቄት የነካው እጁን ሳይጠርግ ወጥቶ በቡሊሳ በር ፊት ቆመ። እናትና ልጅ ከውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል።

ከሰልፉ ዱላ ይዘው ከመጡት ሰዎች አንዱ በዱላው በሩን አመለከተ። «ይህ የአይሁድ ቤት ነው።»

«የኔ ነው» አለ ሱብሒ። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ አሳየ። የቁም ሣጥን ቁልፍ ነበረ፣ ከጣት የማይበልጥ። «ገዝቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«ሴትየዋስ?»

«ለቃልኛለች።»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «በርታ ጋጋሪው። አንድ ቤት ተመለሰ ማለት ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሱብሒም ሳቀ። ፈርቶ ይሁን፣ ውሸቱ እንዲታመንለት ይሁን፣ ወይስ ስለ ፈውዚ መሬት አንዳች ነገር በውስጡ ተነሥቶ፣ እሱ ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቢያስበውም አልደረሰበትም። ሰዎቹ አለፉ። ቤቱ አንድ መስኮት እንኳ አልተሰበረበትም።

በዓሉ አልቆ ሰንበቱም ሲወጣ፣ የእንግሊዝ ወታደር መንገድ ዘግቶ ሳለ፣ ሱብሒ ዳቦውንና ሳህኑን ይዞ ተሻገረ። ያስጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንደ ወትሮው ትቀበለው ይሆን? ራፋኤል ከፈተለት። መሬት ላይ የታሠሩ ጓዞች ተደርድረዋል።

«ባለቤቱ መጥቷል፣ እማዬ» አለ ራፋኤል።

«አፍህን ያዝ። ይህ ሰው በነፍሱ ነው የቆመልን።» ከዚያ ወደ ሱብሒ ዞረች። «ተቀመጥ ልጄ።»

«ዳቦው ይቀዘቅዛል፣ የራፋኤል እናት።»

«የዋሸኸው ለኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከበሩ ኋላ ሆኜ አንድ ነገር አሰብሁ። እኔ ወጥቼ ቤቱ የኔ ነው ብል ማን ያምነኝ ነበር? እዚህ ሰፈር ስወለድ አንተ አልነበርህም።»

ሱብሒ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ፈውዚም መሬቱ የኔ ነው ብሎ ነበር» አለ፣ ለምን እንዳለው ሳያውቅ።

«ለማን አለ?» አለ ራፋኤል።

«የሚሰማው አልነበረም።»

 ከዚያ ቡሊሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳቅህንም ሰማሁት» አለችው። ክፉ አልተናገረችውም። መሐረቡን አውጥታ ዘረጋች፤ ሽያጩን በሥርዓቱ አፈረሱ፤ ቁልፉን ተቀበለች። ሳህኑን ግን ወደ እሱ መልሳ ገፋችው። «በምንሄድበት አዲስ ሰፈር ዳቦ የሚጋግር ሰው ገና የለም። አንተ ዘንድ በአደራ ይቆይ። ስንመለስ እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው አዲስ ሰፈር ሄዱ።

ሱብሒ እርሾውን ዓመቱን ሙሉ መገበው፤ ከራሱ እርሾ ጋርም አልቀላቀለውም። ፋሲካቸው ሲቃረብ ግን ጭንቅ ያዘው። እርሾው የእሷ ነው፤ በበዓሉ ቀን በእሱ እጅ ሆኖ በእሷ ስም ቢገኝ፣ ኃጢአቱ የእሷ ሊሆን ነው። ስለዚህ ንጹሕ መሐረብ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሳህኑን በጨርቅ ሸፍኖ ከከተማው በር ወጣ። ፈውዚ እያየው ራሱን ነቀነቀ። «ሊሸጡልህ የረሱትን ለመግዛት ትሄዳለህ? እንዳንተ ያለ ሞኝ አላየሁም።»

ቤቱን ሲያገኘው ረፋድ ሆኖ ነበር። ቡሊሳ በረንዳ ላይ ወንበር ወጥቶላት ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ሳህኑን ስታይ ለምን እንደመጣ ወዲያው ገባት። መሐረቡን ከእጁ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሱብሒ ጫፉን ይዞ ከፍ አደረገ።

«ማታ ኮከብ ሲወጣ ይዤው እመጣለሁ» አለ። «በበዓሉ መጨረሻ ማለቴ ነው።»

ቡሊሳ ወደ ቅጥሩ አቅጣጫ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ልጇ፤ ራፋኤል ከበሩ ውስጥ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

«ዘንድሮ መልሰህ አትሽጥልኝ፣ ልጄ» አለችው።

ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቷን አየ። አልነበረም።

ሱብሒ ከዚያ በኋላ ሌላ አሥራ አራት ዓመት ጋገረ። የራሱን እርሾ ትቶ በእሷው ብቻ ያቦካ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። አንዳንድ የሰፈሩ ሴቶች ዳቦው ከድሮው ይልቅ ይኮመጥጣል ብለው ሲነግሩት ግን፣ ምድጃውን እየቆሰቆሰ፣ ቀና ሳይል፣ «እርሾው የኔ አይደለም» ይላቸው ነበር።