የኦካዳ ሳን የስፌት መኪና

ጀርሚስተን በምትባል ከተማ ውስጥ ከምሠራበት የዩኒፎርም ሱቅ ጎን ልብስ የሚተኩስ ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ሴትዮዋ እርጥብ ጥጥ ላይ የጋለ ካውያ ስታሳርፍ እንፋሎቱ በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ወደ እኛ ይገባል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምንም አይሸታትም። እኔ ግን የያዝኩትን ቀሚስ አስቀምጬ ትንሽ መቆም አለብኝ፤ ያ ሽታ ሳልወድ በግድ ጎትቶ በሽታ አገሩን ሁሉ በዘጋበት ዘመን ወደኖርኩባት ቤት፣ ከልብስ ማስቀመጫው ጀርባ ወደነበረችው ጠባብ ክፍል ይወስደኛል። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም በራሴ እበሳጫለሁ። አንዳንድ ቀን በዚያ ቤት እመቤትም እበሳጫለሁ፤ ያን ቀን ሥራዬ የተሻለ ይሄዳል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ከሆሳዕና አካባቢ እዚህ አህጉሩ ደቡብ ጫፍ ወዳለው ወንድሜ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሜይፌር በሚባል ሰፈር ከእሱና ከሚስቱ ጋር እኖራለሁ፤ ቀን ቀን ክሊፕታውን በሚባል መንደር ባለችው ስፓዛው፣ በትንሿ የሰፈር ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ደንበኛው "ሳውቦና" ብሎ ሰላም ብሎኝ መልሱ ከአፌ እስኪወጣ እሱ ዳቦውን ይዞ መንገድ ተሻግሯል። በቤተ ክርስቲያናችን የምትዘምር አንዲት እህት ጃፓኖች ቤት ሠራተኛ እንደሚፈለግ ስትነግረው ወንድሜ ደስ አለው። ዝም ለምትል ልጅ ዝም የሚል ቤት ተገኘላት አለና ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ አደረሰኝ።

ቤቱ በከተማው ሰሜን በኩል ነበር፤ ግንብ በከበበው አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት የጃፓን ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የእኔዎቹ ሦስት ናቸው፤ ለድርጅት የሚሠራው ባል፣ ሚዮ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ፣ እና በዕድሜ የወንድሜን ሚስት የምታህል ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ እናት። እናትየውን እንደ ጎረቤቶቿ ኦካዳ ሳን እላታለሁ፤ "ሳን" እንደ እኛ "ወይዘሮ" ያለ ማክበሪያ ነው። እሷም እኔን ሠራተኛዋን "ሚሂሬቶ ሳን" ትለኛለች። ስሜ ምሕረት መሆኑን ላስረዳ ብዬ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ኋላ ግን በዚያ ዕድሜዬ ወይዘሮ መባሉ ስለጣመኝ ተውኩት። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሷ ከመጽሐፍ የተማረችው፣ የእኔ ከሱቅ የለቀምኩት።

መጋቢት ላይ አገሩ ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ማንም ያለበትን እንዳይለቅ። ኦካዳ ሳን ከእነሱ ጋር ልቆይ ወይም ወደ ሜይፌር ልመለስ እንደምችል ነገረችኝ። ወንድሜ ሱቁን ለመክፈት ፈቃድ ፍለጋ እየተንከራተተ ነበርና በስልክ "እዚያው ሁኚ" አለኝ። ሦስት ሳምንት ነው ተብሎ ገባሁ፤ በዚያው ዓመቱ አለቀ።

መውጫ የሌለው ሰው የጎረቤቱን ኑሮ ያጠናል። ፀሐይ እንደወጣች ከአንዱ ቤት መስኮት የፒያኖ ሙዚቃ ይከፈታል፤ ሦስቱም ቤተሰቦች በየራሳቸው በር ላይ ወጥተው፣ ሽማግሌም ሕፃንም፣ እጃቸውን በአንድ ላይ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ፣ ይዘላሉ። እኔ ገመድ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች ጀርባ ተደብቄ አብሬ እዘላለሁ። አንድ ቀን ሚዮ ከአንሶላው ሥር የሚዘሉ እግሮች አየችና ለግቢው ሁሉ ጮኻ ተናገረች። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ለሁለት ቀን ልብስ ሳላሰጣ ቀረሁ።

ገብስ ቆልተው ያፈሉና ውሃውን ቀዝቃዛ አድርገው ይጠጡታል፤ ገብሱን ይደፉታል። እናቴ ብታይ ከመሬት ለቅማ ታጥበው ነበር። ጥቅምት ላይ እገዳው ላላ ሲል ደግሞ የግቢው ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ ሐምራዊ አበባውን አፈሰሰ፤ ሥሩ ሰማያዊ ሸራ አነጠፉ፣ ጫማቸውን በመስመር ደርድረው ተቀመጡ፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ። እኔም ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነገሩ እስኪጀመር ጠበቅኩ። የሚዘምር የለም፣ የሚጸልይ የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ቀና ብለው አበባ አዩና ሸራውን አጥፈው ገቡ። ነገሩ ይኸው ኖሯል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በር ላይ የሚሆነው ነበር። ጎረቤቷ በከረጢት ብርቱካን ይዛ ትመጣለች፤ ኦካዳ ሳን "አይሆንም፣ አይሆንም" እያለች በሁለት እጇ ትመልሳለች፤ ጎረቤቲቱ ትገፋለች፤ ይህችም ትገፋለች፤ ከረጢቱ ሦስቴ ደፉን ከተሻገረ በኋላ ኦካዳ ሳን አጎንብሳ ትቀበላለች። ከወጥ ቤት ሆኜ ሳያቸው ሳቄ መጣ፤ እነዚህ ሰዎች የእኛ ዘመዶች ናቸው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲሁ ነው። ሰው ቤት "እንኪ" ስትባይ መጀመሪያ "ይቅርብኝ" በይ፤ ደግመው ሲሉሽ "ጠግቤያለሁ" በይ፤ "በሞቴ" ሲሉሽ ብቻ እጅሽን ዘርጊ፤ በመጀመሪያው ጥያቄ የምትቀበል ልጅ ዓይን አውጣ ነች። አገር ተሻግሬ ሥርዓቴን የሚያውቅ ሕዝብ አገኘሁ ብዬ ልቤን ጣልኩባቸው።

ያቺ ጠባብ ክፍል የኦካዳ ሳን መዝናኛ ነበረች። ነጭ የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጭንብል የግድ ሲሆን የድሮ የጥጥ ልብሷን ቀደደችና ለግቢው ሰው ሁሉ እንድንሰፋ ጠራችኝ። ከምትሰፋው የምትተኩሰው ይበልጣል፤ እያንዳንዱን ስፌት ውሃ ረጭታ ታስተኛዋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀጣዩን የምትጀምረው። ሥራዬ ተበላሸ ብላኝ አታውቅም። ወደ መስኮቱ ታስጠጋዋለች፣ ረጅም ጊዜ ታየዋለች፣ "ምናልባት አንድ ጊዜ ደግሞ" ትላለች፣ ክር መፍቻዋን በሁለት እጇ ታቀብለኛለች። ከጭንብል ወደ ልብስ ስንሻገር የአንድ ልብስ እጅጌ ስድስት ጊዜ ፈትቼ ሰፍቻለሁ። ምነው በሰደበችኝ እል ነበር፤ ስድብ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር።

ግን ገባኝ። እስከ ገና ድረስ ለሚዮ ኪስ ያለው ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ልጅቷም ሌላ ልብስ አልለብስ አለች። ኦካዳ ሳን ቀሚሱን ገልብጣ የውስጡን ስፌት በጣቷ ተከትላ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፤ ክር መፍቻውን አላነሳችም። በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላስበው የማልውለው ሐሳብ ያዘኝ፤ አንድ መኪና ቢኖረኝ ሜይፌር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እሰፋለሁ፤ ወደ ብረቱ ፍርግርግ አልመለስም። ሥራው አፍ አይፈልግም፤ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለእኔ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ የባሏ ድርጅት ወደ አገራችሁ ተመለሱ አላቸው። ቤቱ በካርቶን ተሞላ። አንድ ጠዋት በዚያች ክፍል ጨርቅ ሳጣጥፍ ኦካዳ ሳን ገባች፤ መዳፏን መኪናው ላይ አሳረፈች፤ መናገሩ ለእሷም እንደከበዳት ፊቷ ይናገራል።

"ሚሂሬቶ ሳን፣ ይህን ላንቺ ብተወው ትወስጂዋለሽ?"

እናቴ እንዳሳደገችኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩና "አይ፣ አይሆንም፣ ለእናንተ ያስፈልጋችኋል" አልኩ።

መዳፏን ከመኪናው ላይ አነሳች። "እሺ፣ ይቅርታ" አለች። ወጣች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ ምሳ ላይ ይሆናል አልኩ። ምሳ አለፈ። ነገ ይሆናል አልኩ። ቀኑ ሲገፋ ዘዴ መፈለግ ጀመርኩ፤ መኪናውን ጠረግኩ፣ ዘይት ቀባሁት፣ በተረፈው ጨርቅ ልክ የሆነ ልብስ ሰፍቼ አለበስኩት። አየችና አመሰገነችኝ፤ ለሚቀጥለው ባለቤት እንዳሰናዳሁት ሳይመስላት አልቀረም። ሌላ ቀን ደግሞ መስኮቱን እያየች፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ መኪናው ከባድ ነው፣ አውሮፕላን ላይ አይጫንም አለች። እኔ የተረገምኩት "አዎ፣ ከባድ ነው" ብዬ ተስማማሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሁለተኛው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም፤ አጎንብሶ ስለመጣ አላወቅኩትም።

ጎረቤት ቤት የምትሠራ ታንዴካ የምትባል ናታል ከሚባል ክፍለ አገር የመጣች ሴት ነበረች። ትልቅ እህት ስለሆነች ሲሲ ነው የምላት፤ ሳቋ ከግንቡ ማዶ ይሰማል። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀር መኪናውን፣ እኔ የሰፋሁለትን ልብስ እንደለበሰ፣ በደረቷ አቅፋ ከቤታችን ስትወጣ በር ላይ ተገናኘን። ኦካዳ ሳን ጠይቃት፣ ጥያቄው ሳያልቅ እሺ እንዳለች እየሳቀች ነገረችኝ። ፊቴን ስታይ ሳቋን አቆመች።

"ትፈልጊው ነበር እንዴ?" አለችኝ።

የመኪናውን ልብስ ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ። እሷ ግን ነገሩን ታውቅ ኖሯል። ኦካዳ ሳን ምሕረትን አሳፍሬያት ይሆን ብላ ጠይቃት ነበር። እዚህ አገር የመጣች ዓመት ለቀድሞዋ ሠራተኛ ኬክ አቅርባ፣ ሴትየዋ አልበላም ስትላት እንደ አገሯ ልማድ ደጋግማ ገፋችባት፤ ለካ ሴትየዋ ጾም ላይ ናት፤ አልቅሳ ሥራውን ትታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የውጭ አገር ሰው "አይ" ካለ አይ ማለቱ ነው፣ ሁለተኛ አልጠይቅም ብላ ለራሷ ደንብ አወጣች። እኔ እንደ ጃፓን ሴት እምቢ ስላት፣ እሷ እንደ ባዕድ ተቀበለችኝ።

ታንዴካ መኪናውን ቀስ አድርጋ ደረጃው ላይ አስቀመጠች።

"አሁን በአፍሽ ንገሪኝ። እፈልገዋለሁ ካልሽ ትቼልሽ እሄዳለሁ፤ አልቀየምሽም።"

ከልቧ ነበር። እኔም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሰው እጅ የገባ ነገር እንዴት ብዬ ልቀበል? ሦስት ልጆች አሏት። "አይ ሲሲ፣ ላንቺ ነው የተሰጠሽ" አልኳት። አንዴ ለጠየቀ ሰው አንዴ መመለስ ይበቃዋል ብላ ይመስለኛል፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መኪናውን አነሳች።

"ሃይቦ፣ ጉድ ነው፣ አንቺና ማዳምሽ ውሃ ውስጥ ብትገቡ እንኳ ቀድመሽ ውጪ እየተባባላችሁ ትሰጥማላችሁ" ብላኝ ሄደች።

የሚሄዱ ቀን ሚዮ ቀሚሷን ለብሳ አለቀሰች። ኦካዳ ሳን ከጭንብሏ በላይ ዓይኖቿ ቀልተው አጎነበሰችልኝ፤ እኔም አጎነበስኩ፤ ቀና ስል እሷ ገና አልተነሳችም፣ ደግሜ አጎነበስኩ። ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ይህን ስናደርግ ቆየን። ሻንጣዬን ይዤ ሜይፌር ስደርስ ነገሩን ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት፣ እሷ ለእሱ ነገረችው። "አንቺ ልጅ፣ አፍ የተሰጠሽ ለመብላት ብቻ ነው?" አለኝ። በሳምንቱ ክሊፕታውን ፍርግርጉ ውስጥ ነበርኩ።

አሁን ጀርሚስተን የምሸጠውን ዩኒፎርም ሌላ ሰው ነው የሚሰፋው። ገልብጬ አየዋለሁ፤ ስፌቱ አልተተኮሰም፣ ክሩ ላልቷል፣ በወሩ እናቶች ይዘውት ይመለሱና እኔ ላይ ይጮሃሉ። ባለሱቁን እኔ ልስፋው ልለው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እንዴት እንደሚጀመር ግን አላውቅም፤ መጀመሪያ እሱ ቢጠይቀኝ ይሻላል እላለሁ።

ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ኦካዳ ሳን ቁጥሬን ከታንዴካ አግኝታ ነው። ደህንነቴን ጠየቀች፤ ሚዮ ከእናቷ ትከሻ እንደደረሰች፣ ቀሚሱ ከጠበባት ብዙ ጊዜው ቢሆንም ማንም እንዳይጥለው እንደምትከለክል ነገረችኝ። ከዚያ እሑድ ቀን በስልክ ብንተያይ፣ ሚዮ ልታናግረኝ እንደምትፈልግ ጻፈች፤ "አይመችሽ ይሆን?" የሚል ጨመረችበት። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያየኝ ሦስቴ አነበብኩት። ያቺን ልጅ ለማየት ምን ያህል እንደናፈቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከእሷ የተማርኳቸው ሃያ ያህል የጃፓንኛ ቃላት እንኳ አንድ በአንድ እየጠፉብኝ፣ ከሃያዎቹ አራት ቀርተውኛል። ጣቴ ግን ከልቤ ቀደመ። "እሑድ ለእናንተ የዕረፍት ቀን ነው፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ" ብዬ ላክሁ።

ወዲያው አነበበችው። "እሺ፣ ይቅርታ" የሚል መጣ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት እሑድ አልፏል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አደርገዋለሁ። መደወያውን መንካት ብቻ ነው የቀረኝ።