ቅቤ የማያድነው ቁስል

እትዬ አልጋነሽ ቦንጋ ገበያ ቅቤ ሲሸጡ ነው ያረጁት። እሳት የነካው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር የሚሮጠው፤ ለጋ ቅቤ ይቀቡታል፣ በእንሰት ቅጠል ይሸፍኑታል፣ «አይዞህ» ብለው ይሸኙታል። እሳቸው ግን የጡት ካንሰር አዲስ አበባ ድረስ እስኪጎትታቸው ሐኪም ቤት ላይረግጡ የማሉ ይመስሉ ነበር።

ቀዶ ሕክምናውንም ጨረሩንም ቻሉት። ሲጨርሱ ቆዳቸው ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር ደህና ስለነበሩ ሐኪሞቹን መርቀው ተመለሱ። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። ቦንጋ በገቡ በሳምንቱ ብብታቸው ሥር ቀላ፣ ተላጠ፣ ከዚያም ቆስሎ ውሃ ያወጣ ጀመር። እትዬ ክው አሉ። የጨረሩ ማሽን አዲስ አበባ ቀርቶ ሳለ የሚያቃጥላቸው ምንድን ነው? እሳቱ ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ሰው ሲመክሩ የኖሩት ሴትዮ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቅቤያቸውን ቀቡ፣ ቅጠላቸውን ጠቀለሉ። እሷን ሳያቅፉ እንቅልፍ የማይወስዳቸውን የልጃቸውን ልጅ፣ ትንሿን ሃሌሉያን፣ ከአልጋቸው አወረዷት። በተጠጋቻቸው ቁጥር «አትንኪኝ፣ ትቃጠያለሽ» እያሉ ይመልሷታል። ጨከኑ፤ ግን ለእሷው ብለው ነው።

ሽታ መቼም አይደበቅም። ልጃቸው ሰብሌ ነጠላቸውን ገልጣ ቁስሉን እንዳየች ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ነርሷ፣ ሲስተር ኑኃሚን፣ ቅጠሉን አንስታ ቁስሉን አየችው። ከዚያ የጨረር ቁስል ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለአንድ ለሁለት ሳምንት ሊብስ እንደሚችል፣ ያመረቀዘው ግን ቅቤውና ቅጠሉ አፍነው ስለያዙት መሆኑን አስረዳቻቸው። ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፣ በማይጣበቅ ፋሻ ሸፈነችው፤ ሐኪሙም አይቶ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘላቸው። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ እንዲለብሱ፣ ካተኮሳቸው ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ ነገረቻቸው።

እትዬ አልጋነሽ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እሳቱስ? ባቅፋት ወደ ልጄ ልጅ አይተላለፍም?»

«እትዬ፣ እርስዎ የታከሙበት ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። እስካሁንም ሊያቅፏት ይችሉ ነበር።»

እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። በመንገድ ሁሉ ከሰብሌ ቀድመው ይራመዱ ነበር።

ቤት እንደደረሱ ደጃፉ ላይ ተቀመጡና በደህናው እጃቸው ሃሌሉያን ጠሯት። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ብቅ አለች፤ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አልነካሽም እማማ» አለቻቸው፤ «እቃጠላለሁ።»