ላብ ያጠመቀው አይታሰርም

ኦቶማቲክ ፒካፕ በገዛሁ ጊዜ ቆሰበር ውስጥ ያልመከረኝ ሰው የለም። ችግሩ ምክሩ የመጣው ከገዛሁ በኋላ ነው። «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ለአስፋልት ነው እንጂ ለጭነት አይሆንም» አለኝ የጎረቤቴ ባል፤ እሱ ራሱ ከባጃጅ ሌላ ነድቶ አያውቅም። «ሴት አይደለች፣ ቀላሉን መርጣ ነው» ያሉም ነበሩ። እኔ ደግሞ ነገር ሲበዛብኝ ጆሮዬን የምደፍን፣ አፌን ግን የማልዘጋ ሰው ነኝ። የዘር ድንች ከገበሬው ሰብስቤ ዳንግላና ጫግኒ የማደርስ ነጋዴ ስለሆንሁ፣ ከመኪናው ኋላ የምትታሰር ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አስበይጄ ሥራዬን ቀጠልሁ።

በስድስተኛው ወር ካምቢዮው ተቃጠለ።

ከጫግኒ በቆሎ ጭኜ ሽቅብ ወደ ቆሰበር ስመለስ ነበር። እንዳይጨነቅብኝ ብዬ ነዳጁን በስሱ እየረገጥሁ፣ ካምቢዮው አንዴ ሦስተኛ አንዴ አራተኛ ማርሽ እያለ ሲዋልል፣ እኔ በእርጋታዬ እኮራ ነበር። ከዚያ እሳት ላይ የተረሳ ዘይት የሚመስል ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ጥግ ይዤ ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁ። መኪናው ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰው በሌላ መኪና ተጎትቶ ነው።

ባሕር ዳር ያለው መካኒክ ካምቢዮውን ፈታትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው፣ ልጣላ የሄድሁት ሴትዮ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኛቸው ብረት ይመስልሻል?» አለኝ። «አዎ» አልሁት። ሳቀና ሁለት ቬንትሌተሮች አምጥቶ ፊት ለፊት አቆማቸው። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰካው። የተሰካው ሲዞር ያልተሰካው በነፋሱ ብቻ ቀስ እያለ መዞር ጀመረ። «ይኸው ነው፤ በነፋሱ ፈንታ ዘይት አድርጊበት» አለኝ። የሞተሩ ክንፍ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ የካምቢዮውን ክንፍ ይገፋል። ያን ሁሉ ኩንታል በዚያ ሁሉ ዳገት ያወጣልኝ ዘይት ኖሯል! እግዜር ያሳያችሁ፣ ስድስት ወር ሙሉ እላዩ ላይ ተቀምጬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁትም። ቬንትሌተሩን ራሴ እያጠፋሁ እያበራሁ እንደ ሕፃን ስጫወት ቆየሁ።

ዘይቱ ሲደክም ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን መግፋት ያቅተውና የበለጠ ይሞቃል። ስለዚህ መካኒኩ ከፊት ለፊት፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል፣ ለዘይቱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ራዲያተር ጨመረበት። ዳሽቦርዱ ላይም ሙቀቱን በቁጥር የምታሳይ ጌጅ ገጠመልኝ። «ሽቅብ ስትጎትቺ ማርሹን ዝቅ አድርገሽ እዚያው ያዢው፤ ሞተሩ ቢጮህ ግድ የለሽም፣ መዋለሉ ነው የሚገድለው። መቶ አሥር ሲደርስ ቀስ በይ። መቶ ሃያ ከነካ ቁሚ። ሁለተኛ ከተቃጠለ ግን እኔ ጋ አታምጪው፤ ለብረት ሰብሳቢ ስጪው» አለኝ። ከቆምሁ በኋላ ምን እንደማደርግ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። የሚጠየቅ ነገር አልመሰለኝም።

እንግዲህ አጎቴ ወፍጮ አምጭልን ያሉኝ በዚህ መኪና ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከቆሰበር በላይ፣ ቀርቀሃው ከሚበዛበት ደጋ ይኖራሉ። በጉብዝናቸው ጊዜ በፈረስ ጉግስ የሚወዳደራቸው አልነበረም ይባላል። ሰፈራቸው መብራት የለውም፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው የሁለት ሰዓት መንገድ እየሄዱ ያስፈጫሉ። የአጎቴ ሚስት ባለፈው ክረምት ከነሸክማቸው ጭቃ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው አልድን ብሏል። ጫግኒ ውስጥ አንድ ባለ ወፍጮ ወደ መብራት ወፍጮ ስለዞረ የናፍጣ ወፍጮውን ለሰፈሩ ሰጠ፤ ነገር ግን በሳምንቱ ካላነሡት ለሌላ ሊያስተላልፈው ነው። ትልቅ የጭነት መኪና ደግሞ በዚያ በቀርቀሃው መሐል ባለ ጠባብ መንገድ አይገባም። የቀረችው የእኔዋ ፒካፕ ከነተሳቢዋ ናት።

እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቄን በፈረስ ያመጡልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያም በፊት፣ እናቴ እኔን አምጣ አልሆንላት ሲል፣ እስከ ቆሰበር ጋልበው አዋላጅ ነርስ ከኋላቸው አፈናጠው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ይህ በቤታችን በየበዓሉ የሚነሣ ጨዋታ ነው። መጨረሻው ሁልጊዜ ነርሷ ከፈረሱ ስትወርድ እግሯ ከድቷት አፈር ላይ ዝርፍጥ ማለቷ ነው፤ እዚያ ላይ ሁላችንም እንስቃለን።

ወፍጮውን ጫግኒ ላይ በጠዋት ጫንን። ድንጋዩና ሞተሩ ተሳቢዋ ላይ ሲያርፉ የፒካፑ ቂጥ ቁጢጥ አለ። አጎቴ ዞረው ገመዱን አንድ በአንድ ሳቡ፣ ሁለቱን ፈትተው እንደገና አሰሩ፣ ከዚያ ጋቢና ገብተው ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉ።

ዳገቱ ሲጀምር ማርሹን ሁለተኛ ላይ ያዝሁት። ሞተሩ ጮኸ። አጎቴ ጌጇን እያዩ፣ «ይች ቁጥር ምንድን ናት?» አሉኝ።

«የካምቢዮው ትኩሳት ናት፣ አጎቴ።»

«ላቡ በየት ይወጣለታል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ መካኒክ እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ አስረዳኋቸው። ዘይቱ በቱቦ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ትንሿ ራዲያተር ውስጥ ነፋስ ያበርደዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ይገባል።

«ማን እየገፋው ነው የሚሄድ?»

«ፓምፕ አለው። ሞተሩ ሲዞር ፓምፑም ይዞራል።»

«እህ» አሉ።

ጥቂት እንደሄድን፣ «አሁን ከበደው» አሉ። ጌጇን አየሁ፤ ዘጠና አራት፣ ምንም የለም። አፌ ላይ ቀልድ ሳዘጋጅ ዘጠና ስምንት፣ መቶ አንድ አለች። መንገዱ ሲለሰልስ፣ «አሁን ቀለለው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሯ ወረደች። አጋጣሚ ነው ብዬ ደግሜ ጠበቅኋቸው። በሦስተኛው ዳገትም ቀደሟት። ጠጉሬ ቆመ። እኔ ያን ጌጅ ለማስገጠም ባሕር ዳር ድረስ ተጎትቻለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያነቡታል።

«በምን ያውቁታል?»

«ይተነፍሳል እኮ፣ አይሰማሽም?» አሉኝ። የገረማቸው የእኔ አለመስማት ነበር።

የጫግኒ ሙቀት ከኋላችን ቀርቶ በመስኮቱ ቀዝቃዛ ነፋስ መግባት ጀምሯል፤ ልቤ ሞላ። አንድ የተጫነ መኪና ፊታችን የገባው ያኔ ነው። በሰው እርምጃ ይጓዛል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቀድሜው ማለፍ አልችልም። ቀስ ስል ትንሿ ራዲያተር የምታገኘው ነፋስ ጠፋ። መቶ ስምንት። መቶ አሥራ ሦስት። መቶ አሥራ ስምንት። አጎቴ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠዋል። መቶ ሃያ አንድ ስትል ያ የማውቀው ሽታ በስሱ አፍንጫዬን ነካው። የመንገዱ ጥግ ሰፋ ያለበት ላይ ወጣሁ፣ ማርሹን ወደ ማቆሚያው አስገባሁት፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድሁ።

አጎቴ የእጄን አንጓ ቀጨም አደረጉት።

«አታጥፊው!»

«አጎቴ፣ ይልቀቁኝ! እየተቃጠለ ነው!»

«ላብ ያጠመቀው አይታሰርም።»

«ይሄ እኮ ፈረስ አይደለም!» ብዬ ጮህሁባቸው። በዕድሜዬ ሙሉ አጎቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ወዲያው አፈርሁ። ግን መኪናዬ ነው፣ እንጀራዬ ነው፣ ከኋላ ደግሞ የስንት ሴት ጀርባ የሚያሳርፍ ወፍጮ ታስሯል።

እሳቸው አልተቆጡም። እጄንም አለቀቁም። «አንችው አይደለሽ የነገርሽኝ? ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፑ ነው፣ ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው አላልሽም? ሞተሩን ከገደልሽው ዘይቱ ከነትኩሳቱ እዚያው ይተኛል። በየት ይወጣለታል? ፈረስ ሲጋልብ ውሎ ቀጥ አድርገሽ አታስሪውም፤ ቀስ እያልሽ ታዞሪዋለሽ፣ ላቡ እየሄደ ይደርቃል።»

በገዛ አፌ ያስረዳሁትን ነገር እኔ አልሰማሁትም፤ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ያን የመጀመሪያ ጊዜም ወዲያው ነበር ያጠፋሁት። መካኒኩ ጋ ልደውል ስልኬን አነሣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ወይ እጄን አምናለሁ፣ ወይ እጄን የያዘውን እጅ። ቁልፉን ለቀቅሁት።

ወርደን ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። ሞተሩ ባዶውን ያጉተመትማል፤ የራሱ ቬንትሌተር በራዲያተሩ በኩል ነፋስ ይስባል። ከዚያ አጎቴ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው፣ በአገውኛ የሆነ ነገር እያሉ፣ መኪናውን ይዞሩት ጀመር። በግራ በኩል ሄደው፣ በተሳቢዋ ኋላ አልፈው፣ በቀኝ ይመለሳሉ። ብረቱን መዳፋቸው አይለቀውም። ከድንጋጤዬ ሳልወጣ ሳቄ መጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እሱ መዞር ካልቻለ እኔ ልዙርለት» አሉኝ፣ ሳይቆሙ።

በጋቢናው መስኮት አንገቴን አስግጌ ጌጇን አያለሁ። መቶ ሃያ አንድ። መቶ ሃያ አንድ። ስንት ጸሎት እንዳወረድሁ እኔ አውቃለሁ። መቶ አሥራ ዘጠኝ! እሪ ልል ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ይዞራሉ፣ ቁጥሯ ትወርዳለች፤ ዘጠና አምስት ስትደርስ «በቃው» አሉና ገቡ። ጌጇን አላዩም።

ቆሰበር ስንደርስ ኔትወርኩ መጣና መካኒኩ ጋ ደወልሁ። «ኧረ እንኳን አላጠፋሽው! ያን ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው? ማን ነገረሽ?» አለ። አጎቴ ናቸው አልሁት። «መካኒክ ናቸው?» «አይ፣ ፈረሰኛ ናቸው።» «ሰላም በይልኝ» አለ።

በቀርቀሃው መሐል ያለችውን መንገድ ቀስ ብለን ጨረስናት። ሰፈሩ ገና በሩቁ ሰምቶን ኖሮ እልልታው ተቀበለን። ጎልማሶቹ ተሳቢዋን ከበቡ። የአጎቴ ሚስት በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና የወፍጮውን ድንጋይ እንደ ልጅ ጉንጭ ዳበሱት። ጌጇ ሰማንያ ስምንት ትላለች። ማጥፋት እችል ነበር፤ ግን ትምህርቴ ገና ትኩስ ነውና ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድሁ።

አጎቴን ወፍጮው ዘንድ ፈለግኋቸው፤ የሉም። መኪናውን እየዞሩ ነው።

«አጎቴ፣ አሁን እኮ አልሞቀም!» አልሁ እየሳቅሁ። «ሰማንያ ስምንት ነው፤ ደህና ነው።»

አንድ ዙር ጨረሱ። አጠገቤ ሲደርሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ።

«አንች የተወለድሽ ዕለት፣ ነርሷን እንዳወረድሁ የእናትሽን ጩኸት ሰማሁ። ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሬ ሮጥሁ። ላብ አጥምቆታል። የዚህን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ። አንች አልቅሰሽ፣ እኛ ስቀን፣ ነርሷ እጇን እስክትታጠብ ድረስ ትዝ አላለኝም።» መዳፋቸው ብረቱ ላይ ነበር። «ስወጣ ወድቋል። አንድ ሰው ወጥቶ ቢያዞረው ኖሮ ይድን ነበር። ለእናትሽ ግን ሞተ አላልኋትም፤ ሸጥሁት አልኋት።»

ያን ጨዋታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አንድ ቀን እንኳ ስለ ፈረሱ ጠይቄ አላውቅም። በነርሷ እግር ስንስቅ አጎቴም አብረውን ይስቁ ነበር። መዳፌን ከመዳፋቸው አጠገብ ኮፈኑ ላይ አኖርሁና ከጎናቸው ሄድሁ።

ዞርን። በተሳቢዋ ኋላ ስናልፍ ወፍጮውን የሚያወርዱት ሰዎች ቀና ብለው አዩን፤ አንዷ፣ «ኧረ ወፍጮው ወዲህ ነው፣ እናንተ ምን ሆናችሁ!» ብላ ሳቀች። አጎቴ በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ እኔ የሰማሁት ጥቂቱን ነው። እንደገና ዞርን። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርሁም።

በመጨረሻ ጋቢናው በር ላይ ቆም አሉና ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

«በቃ» አሉኝ። «አሁን እሰሪው።»

ገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ።