ያላረዳኋት መርዶ

መርዶ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይነገርም። ወግ አለው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ካህን ወይ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ባለቤቱን አስቀምጦና ደግፎ ነው የሚረዳው። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ማወቁማ ምን ያደርጋል!

ስቶክሆልም ዳር፣ አልቢ ነበር የምኖረው፣ ከአክስቴ ጋር። የአባቴ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እሷ ድሮ በስደት መጥታ ሠርታ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ እኔ ደግሞ ለትምህርት መጥቼ እሷ ላይ የተለጠፍኩ። አዲስ አበባ የቀረ ልጅ ነበራት፣ አንድ ለእናቱ። እኔና እሱ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ሹሩባ መሥራት እችላለሁ ብሎ በእኔ ራስ ላይ ተለማምዶ የሰፈር መሳቂያ አድርጎኛል። ወንድሜ ነው በሉት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ከአገር ቤት ተደወለልኝ። በድንገት አርፏል። «እሷ በወጉ ትረዳ፤ ሰው አዘጋጂ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ቴንታዬ ይለፍ ብዬ ነበር፣ ፈተናዬን ማለቴ ነው። ፈተናው አለፈ። ቀጥሎ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ ይውረድላት አልኩ። ፍልሰታ ገባ፤ በጾም እንዴት ተደርጎ? ከዚያ የስዊድን ክረምት መጣ፤ በዚህ ጨለማ ላይ ሌላ ጨለማ ልጨምርባት? ሰበብ ፍለጋ እንደ እኔ የተካነ የለም! መሞቱን የሚያውቀው ሐበሻ ሁሉ ቤታችን መጥቶ ሻይ ይጠጣል፣ ሲወጣ በር ላይ «ኧረ መቼ ነው?» ብሎ ያንሾካሹክብኛል። «እነግራታለሁ» እላለሁ። እሷ «ምነው ልጄ ድምፁ ጠፋ?» ስትለኝ፣ ስልኩ ተበላሽቷል፣ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል እላታለሁ። ማታ ማታ ሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ቆማ «ልጄን ጠብቅልኝ» ስትል እሰማታለሁ። ለሞተ ሰው! እኔ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርጋለሁ።

በጸደይ ታመመችና ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ተኛች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን እያሸሁ ሳለ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

«ልጄ ደወለ?»

«ደውሏል እትዬ። ደህና ነው። ሳሚልኝ ብሏል።»

ፈገግ አለች። ጎንበስ ብዬ በእሱ ስም ጉንጭና ጉንጯን ሳምኳት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ከቀብር ስንመለስ አንዲት ሴት አቀፈችኝና «አይዞሽ፣ ይኸኔ ልጇን አግኝታዋለች» አለችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት። እኔ ግን ክው አልኩ። አግኝታዋለችማ! እንግዲያውስ ማን ሲዋሻት እንደኖረም አውቃለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ቤቱ ለእኔ ቀረ። ሠርቼ እመጣለሁ፣ በር እቆልፋለሁ፣ ስልክ ሲጮኽ አላነሳም። ቀኑን ሙሉ ያናገረኝ ሰው ቢኖር የሱቋ ገንዘብ ተቀባይ «ሄይ» ያለችኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር፣ አልዋሽም፤ በር ሥር፣ ጫማ የሚወለቅበት ጋ ቆሜ ሳያልቅ እወጣለሁ። ቁርባንማ አይታሰብም። ንስሐ ግቢ ሲሉኝ ማንን ይቅር በይኝ ልበል? የበደልኳት የለችም። እግዚአብሔር መሐሪ መሆኑን አምናለሁ፤ ለሌላው ሰው። ለእኔ ሲሆን ማረኝ ማለቱ ድፍረት ሆኖብኝ አፍሬ ዝም እላለሁ። ብቸኝነቱ ቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት።

በአንዱ ዓመት የእኛና የስዊድኖቹ ፋሲካ ገጠመ። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ማብቂያው ላይ ጥብጠባ ሆነ። አገር ቤት ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን ቸብ ቸብ እያደረጉ ስግደት ያዝዛሉ። እዚህ ወይራ ከየት ይምጣ! አንዱ ብልጥ ዲያቆን፣ ስዊድኖቹ ለፋሲካ ቤታቸውን የሚያስጌጡበትን፣ ባለቀለም ላባ የታሰረበትን ቀጫጭን ጭራሮ ከሴንትሩም፣ ከሰፈሩ ገበያ፣ ገዝቶ መጥቷል። ላባውን ነቃቅለውታል፤ አንድ ቢጫ ግን አምልጧቸው ካህኑ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ይወዛወዛል። ሰው ሳቁን ዋጥ ያደርጋል። ተራዬ ደርሶ ጎንበስ ስል ላባዋ አንገቴን ኮረኮረችኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ንድድ አልኩ።

«አባቴ፣ ጠንከር አድርገው ይምቱኝ!»

«ምን አልሽ?»

«ይምቱኝ። ይሄ አይበቃኝም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሕዝቡ ሲበተን ካህኑ ለብቻ ጠሩኝ። ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሳሚልኝ ብሏል ብዬ መሳሜን ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ለወንድምሽስ አንቺ መቼ አለቀስሽ?» አሉኝ።

ከእሷ ለመደበቅ ስል እንባዬን ዋጥኩት። እሷ ስትሞት ደግሞ በምን ዓይኔ ነው ለእሱ የማለቅሰው? አላለቀስኩም። መርዶው ስላልተነገረ ስቶክሆልም ውስጥ ለእሱ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ቀኖና ይስጡኝ፣ አባቴ። ከባዱን።»

«ነገ በማለዳ ቤትሽ ጠብቂኝ» ብቻ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ካህኑ ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። «ማን ሞተ?» አልኩ። ገብተው አስቀመጡኝ። አንደኛዋ እጄን ያዘች፣ ሌላዋ ትከሻዬን ደገፈች። ካህኑ ፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ወንድምሽ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የማውቀውን ነገር! ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን! ሳቄ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ የወጣው ግን እሪታ ነው። «ወንድሜን!» አልኩ። «እትዬ፣ ልጅሽ ሞቷል! ዋሽቼሻለሁ እትዬ፣ ልጅሽ ሞቷል!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። «ይደብድብ! አልቅሺ አንቺ» አለች ትከሻዬን የያዘችው፤ እሷም እያለቀሰች።

ድምፄ ተዘግቶ ዝም ስል ካህኑ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። «ዛሬ ሌሊት ትቆርቢያለሽ።»

«ቀኖናዬስ? ሳልጨርስ?»

«ምኑን ነው አንቺ የምትጨርሺው? እሱ ትናንት በመስቀል ላይ ጨርሶታል።»

ሌሊት ባዶ እጄን ሄጄ ቆረብኩ።